«እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም» ያለ ሹፌር አውቆ ነው የወረደው?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍልስፍና እየተማርኩ ነው። ታላቅ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ከፊቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር የሚታየው። በሰላም ደርሶ ሲደውልልኝ ‹እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ እኔ አይደለሁም፣ ፈጣሪ ነው ያወረደኝ› አለኝ። በክፍል ውስጥ ደግሞ አንድን ነገር ሆን ብሎ የሚያደርግ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል ተብለናል። ወንድሜ ካላወቀ ሆን ብሎ አልወረደም ማለት ነው? ወይስ ድርጊትን ሆን ተብሎ የተደረገ የሚያሰኘው ዕውቀት ሳይሆን ቁጥጥር ነው?»

ምላሽ፦ ወንድምዎ በሰላም በመግባታቸው እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄዎ ከዕውቀትና ከቁጥጥር አንዱን እንድመርጥ ይጋብዘኛል፤ እኔ ግን ሁለቱ ተቀናቃኞች ናቸው ብዬ አላምንም። ሆን ተብሎ በሚደረግ ድርጊት ውስጥ ዕውቀት የሚያስፈልገው ያለ እሱ ቁጥጥር ስለማይኖር ነው፤ የሚያስፈልገውም ቁጥጥሩ በሚጠይቀው ልክ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህን አንድ ነገር ለማስረዳት ነው።

ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር፣ ምክንያቱም አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚናገረው አለው። አንድ ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር እናቱ «አውቀህ ነው?» ብላ ትጠይቀዋለች። የምትጠይቀው ብርጭቆው መሰበሩን ያውቅ እንደሆነ አይደለም፤ እሱንማ ሁለቱም እያዩት ነው። የምትጠይቀው ሆን ብሎ ሰብሮት እንደሆነ ነው። «አውቆ አበድ» የምንለው ማበዱን የተረዳ እብድ ሳይሆን እብደትን የመረጠ ጤነኛ ነው፤ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለውም ተረት እንዲሁ ነው። እንግዲህ ቋንቋችን «ማወቅ» የሚለውን ግስ ወስዶ በቀጥታ ለሆን ተብሎ ድርጊት መጠሪያ አድርጎታል። ከዚሁ ጎን «ሆን ብሎ» አለ፤ በውስጡ «መሆን» እና «ማለት» የሚሉትን ግሶች የያዘ አነጋገር ነው፣ አንድ ነገር እንዲሆን የሚል ሰው አለበት። ልጁ በበኩሉ «አምልጦኝ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ ደግሞ የቁጥጥር ቋንቋ ነው፣ ነገሩ ከእጄ ወጣ ማለት ነው። ልብ ይበሉ፣ እናትየው በዕውቀት ቋንቋ ጠይቃ ልጁ በቁጥጥር ቋንቋ መልሷል፣ ሁለቱም ግን ፍጹም ተግባብተዋል። የቋንቋ ልማድ በራሱ የፍልስፍናን ክርክር አይፈታም፤ ቢሆንም ሁለቱን ነገሮች ሙሉ በሙሉ የሚለያይ ማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ይህን መግባባት ማስረዳት ይኖርበታል።

አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል አንድ ድርጊት ያለ ፈቃድ ተደረገ የሚባለው በሁለት ምክንያት እንደሆነ ይናገራል፦ በግድ ወይም ባለማወቅ። ባለማወቅ ሲልም አጠቃላይ ድንቁርናን ማለቱ አይደለም፤ የዝርዝሩን አለማወቅ ነው፣ ማን ላይ፣ በምን መሣሪያ፣ ለምን ውጤት፣ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደሚያደርግ አለማወቅን። ሰክሮ ሳያውቅ የሚያጠፋንም ለይቶ ያየዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው በአለማወቅ ውስጥ ሆኖ አደረገ እንጂ በአለማወቅ ምክንያት አደረገ አይባልም። ግድ የቁጥጥር መጥፋት ነው፣ ባለማወቅ የዕውቀት መጥፋት ነው፤ አርስቶትል ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ያልፋል። እርስዎ በክፍል የሰሙት ዓረፍተ ነገር ግን የመጣው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በተለይም ከእንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ከኤልሳቤጥ አንስኮም።

አንስኮም ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ የጀመሩበትን ሁኔታ መጥቀስ ተገቢ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳልነበር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1956 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሃሪ ትሩማን የክብር ዲግሪ ሊሰጥ ሲወስን አንስኮም ተቃወሙ፤ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ንጹሐን እንዲገደሉ ያዘዘ ሰው ሊከበር አይገባም ብለው። ትሩማን ያደረጉት ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ነው የሚል መከላከያ ሲሰነዘር፣ አንድ ሰው «የሚያደርገው» ነገር እጁ ከሚንቀሳቀስበት እስከ ምን ድረስ ይዘረጋል የሚለው ጥያቄ አፍጥጦ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በ1957 ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ የዘመኑን የድርጊት ፍልስፍና መሠረት ጣለ።

የአንስኮም ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ሆን ብሎ የሚሠራን ሰው በሥራው መካከል «ምን እያደረግህ ነው?» ብለን ብንጠይቀው ዞር ብሎ ራሱን ሳይመለከት፣ ማስረጃ ሳይሰበስብ ይመልስልናል። ገበሬው «እያረስኩ ነው» የሚለው እርፉን የያዘውን እጁን አይቶ ደምድሞ አይደለም። ይህ ተመልካች ካለው ዕውቀት የተለየ ነው፤ አንስኮም ተግባራዊ ዕውቀት ይሉታል፣ ከመካከለኛው ዘመን ፈላስፋ ከቶማስ አኳይናስ በወሰዱት አነጋገርም የሚያውቀውን ነገር ራሱ የሚያስገኝ ዕውቀት ነው ይላሉ። ልዩነቱ በስህተት ጊዜ ግልጽ ይሆናል። አንዲት ሴት ለገበያ ጤፍ፣ በርበሬና ጨው ብላ አስባ ወጥታ በርበሬውን ረስታ ብትመለስ፣ ስህተቱ ያለው በሥራዋ ላይ ነው፤ ሐሳቧን ከቅርጫቱ ጋር እንዲስማማ ብታርመው ምንም አልተስተካከለም። ከኋላዋ እየተከተለ የገዛችውን የሚመዘግብ ሰው ቢኖርና በርበሬ ገዝታለች ብሎ ቢጽፍ ግን ስህተቱ በመዝገቡ ላይ ነው። የሠሪ ዕውቀትና የተመልካች ዕውቀት ከዓለም ጋር የሚገናኙት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ያቀረቡት አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን ናቸው። ምሳሌያቸው ዛሬ ያረጀ ቢመስልም በዕድሜ የገፉ የቢሮ ጸሐፊዎች ወዲያው ይረዱታል። አንድ ሰው በካርቦን ወረቀት አሥር ቅጂ በአንድ ጊዜ ለማውጣት በኃይል ተጭኖ ይጽፋል። አሥረኛው ወረቀት ላይ ጽሑፉ መድረሱን አያውቅም፤ ምናልባትም ይጠራጠራል። ጽፎ ሲጨርስ ግን አሥሩም ወጥተዋል። አሥሩን ቅጂ ሆን ብሎ አላወጣም እንበል? ያ አይመስልም። እንግዲያው ሆን ብሎ ማድረግ ያለ ማወቅም ይገኛል። የወንድምዎ ጉዳይ በጥሬው ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ደብረ ሲና እንደሚደርሱ ሳያውቁ ደረሱ።

የአንስኮም ወገኖች የሚሰጡት መልስ በአማርኛ ከሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይልቅ ቀሎ ይታያል። «ወረድኩ» እና «እየወረድኩ ነው» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መሠረት ቆፍሮ ሲሚንቶና አሸዋ ያከማቸ ሰው «ቤት እየሠራሁ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ገንዘቡ አልቆ ቤቱ ባይጠናቀቅ እንኳ በዚያ ቀን የተናገረው ሐሰት አይሆንም። ሠሪው ሊያውቀው የሚገባው በ«እየ» የሚነገረውን እንጂ ፍጻሜውን አይደለም። ጸሐፊውም አሥር ቅጂ እያወጣ መሆኑን ያውቃል፤ አሥረኛው ካልወጣ ጠንክሮ በድጋሚ ይጽፋልና።

ይህ መልስ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ነገር ግን ትልቁ ቁም ነገር የተደበቀው በመጨረሻው ሐረግ ውስጥ ነው። ጸሐፊው መድገም ይችላል፣ ማየት ይችላል፣ ማረም ይችላል። ይህን ዕድል ብንነጥቀውስ? የተደራረበው ወረቀት አንድ ዙር ብቻ ነው፣ የመጻፊያው ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ውጤቱንም ሊያይ አይችልም እንበል። አሁን አሥረኛው ቅጂ ቢወጣ «ሆን ብሎ አወጣው» ለማለት አንደበታችን ይያዛል፤ «ሞከረ፣ ተሳካለት» ማለት ይቀለናል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅን ልጅ ያስቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንጭፍ ይዞ ከመንጋው መካከል ያችን አንዷን ወፍ እመታለሁ ብሎ ቢወነጭፍና ቢመታት፣ ፈልጎ ነበር፣ አስቦ ነበር፣ ሆነለትም፤ ሆን ብሎ መታት ለማለት ግን ያስቸግራል። ስድስት ክረምት የጠበቀው ታላቅ ወንድሙ ያችኑ ወፍ ቢመታ ምንም አያስቸግርም። ሁለቱም ድንጋዩ ከእጃቸው ሲወጣ መምታታቸውን አያውቁም። የሚለያቸው ታላቅየው ነፋሱን፣ ርቀቱን፣ የድንጋዩን ክብደት አውቆ እጁን በዚያ ልክ ማስተካከሉ ነው። ዕውቀቱ የገባው በውጤቱ በኩል ሳይሆን በቁጥጥሩ በኩል ነው። ቁጥጥሩ ሲሳሳ ተግባራዊ ዕውቀቱም ይሳሳል፤ በዚያው መጠን «ሆን ብሎ» የሚለው ቃልም እየለሰለሰ ይሄዳል። በእኔ ግምት አንስኮምና ዴቪድሰን ሁለቱም ያዩት የዚህን የአንድ ነገር ሁለት ጎን ነው።

ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃም ማሳየት አለብኝ። በዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የተበጠሰበት ሹፌር ምን እየሆነ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን መኪናውን እያወረደ አይደለም፣ መኪናው ይዞት እየወረደ ነው። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ራሳቸው ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1973 አንስተውታል፤ እኔ በሌላ ታሪክ ልንገረው። ሁለት ወንድማማቾች ውኃ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው እንበል፤ ታናሹ በገመድ ወርዷል፣ ታላቁ ከላይ ገመዱን ይዟል። በውርስ መሬት ተጣልተዋል። ታላቁ «ገመዱን ብለቀው የሚያውቅ የለም፣ መሬቱም የእኔ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ድንገት ይመጣበታል፤ ሐሳቡ ራሱ እጅግ ያስደነግጠውና እጁ ዝሎ ገመዱ ያመልጠዋል። ፍላጎቱ ነበረ፣ እንዲህ ቢያደርግ እንዲህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር፣ ፍላጎቱና ዕውቀቱም የእጁ መዛል ምክንያት ሆኑ። ሆኖም ገመዱን ሆን ብሎ አልለቀቀውም። የጎደለው ምንድን ነው? ዴቪድሰን ትክክለኛውን የምክንያት መንገድ ከተጣመመው የሚለይ ሙሉ መግለጫ ከማግኘት ተስፋ ቆርጠው ነበር። እኔ ግን አንድ መለያ አለ ብዬ አምናለሁ፦ ነገሩ ቢለወጥ እጁ ይከተለው ነበር ወይ? ሆን ብሎ የሚለቅ ሰው ሌላ ሰው ሲመጣ ቢያይ ጠበቅ ያደርጋል፣ ገመዱ ድንጋይ ላይ ቢያዝ ይነቀንቀዋል። በድንጋጤ የዛለ እጅ ግን ምንም ቢፈጠር መዛሉን ይቀጥላል፤ ሐሳቡ እጁን ገፋው እንጂ አልመራውም።

ይህን «መምራት» የሚለውን ነገር በግልጽ ያስቀመጡት አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት ናቸው፤ የእርስዎንም ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው የእሳቸው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፉት አጭር ጽሑፍ ላይ ቁልቁለት በስበት ኃይል ብቻ ስለሚንከባለል መኪና ያነሳሉ። ሹፌሩ በፍጥነቱም በአቅጣጫውም ረክቶ ምንም ባያደርግ እንኳ፣ ባስፈለገ ጊዜ ጣልቃ ለመግባት የተዘጋጀና የሚችል እስከ ሆነ ድረስ የመኪናው እንቅስቃሴ በእሱ ቁጥጥር ሥር ነው። ስለዚህ ቁጥጥር ማለት በየቅጽበቱ መግፋት አይደለም። በመንዝ መንገድ ላይ ከሠርግ ሲመለስ በቅሎው ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። በቅሎዋ መንገዱን ታውቃለች፣ ቤቱም ታደርሰዋለች። ቤቱ ታደርሰኛለች ብሎ ተማምኖ መጫኑና መውጣቱ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ግን የታጠፈችው በቅሎዋ ናት፣ እሱ ገደል ቢመጣ እንኳ ሊነቃ ስለማይችል። ዕውቀቱም ቁጥጥሩም የበቅሎዋ ነበሩ፣ አብረው ሄዱ።

ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ከምሳሌ ያለፈ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ በበሽታ ምክንያት ከአንገቱ በታች የመዳሰስንና የአካሉን አቀማመጥ የማወቅን ስሜት አጣ። ጡንቻዎቹ ደኅና ነበሩ፣ የሚያንቀሳቅሱት ነርቮችም ደኅና ነበሩ፤ ሆኖም መቆም፣ መቀመጥ፣ ጽዋ ማንሳት አልቻለም፣ እጆቹም ሳያዝዛቸው ይንቀሳቀሱ ነበር። ኃይሉ ሳይጎድል ዕውቀቱ ብቻ ሲነጠቅ ቁጥጥሩ ወደቀ። ከረጅም ልፋት በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከታተለ መሄድና መሥራት ቻለ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይወድቅ ነበር። ይህ ሰው በጽዋ ሲጠጣ ሆን ብሎ እንደሚጠጣ ማንም አይጠራጠርም፤ ስለዚህ እጅና እግር የት እንዳለ ማወቅ የግድ ሳያዩ መሆን የለበትም፣ በዓይንም ይተካል። በዚህ ነጥብ ላይ አንስኮምን እንዳለ መከተል ይከብደኛል። በአንድ ነገር ግን አሁንም ልክ ናቸው፤ እጁ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይኑ ያስፈልገዋል፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ ግን አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልመለስ። «እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም» የሚለው ንግግር ቢያንስ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ እየወረዱ መሆናቸውን አላወቁም ማለት ነው፤ ይህ አይመስለኝም፣ በእጥፋቱ መካከል ቢደወልላቸው ኖሮ መሪውን ሳይመለከቱ «እየወረድኩ ነው፣ አታናግረኝ» ባሉ ነበር። ሁለተኛው፣ በሰላም እንደሚደርሱ አላወቁም ማለት ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ከላይ እንዳየነው ሆን ብሎ መውረድ የፍጻሜውን ዕውቀት አይጠይቅም። ሦስተኛው፣ ያደረጉትን በቃል ማስረዳት አይችሉም ማለት ነው። በከባድ ማርሽ መያዛቸውን፣ ፍሬን መቆጠባቸውን፣ የጎማውን ድምፅ እየሰሙ ከአስፋልቱ ጠርዝ መራቃቸውን እጅና እግራቸው ያውቃል፣ አንደበታቸው ግን ዝርዝሩን አያወጣውም። እንግሊዛዊው ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 የሙያ ዕውቀት በቃል ወደሚነገር ዕውቀት ሊመነዘር አይገባም ብለው የተከራከሩት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በርኖስ የሚሠራ የመንዝ ሸማኔ ክሩን ምን ያህል እንደሚያጠብቅ ቢጠየቅ መልሱ ማሳየት ነው። የወንድምዎ «አላውቅም» የሁለተኛውና የሦስተኛው ድብልቅ ይመስለኛል፤ ከሁለቱ አንዱም ድርጊቱ ሆን ተብሎ መደረጉን አያፈርስም። ይልቁንም ሦስተኛው ቁጥጥሩ የተሠራበት ዕውቀት ራሱ ነው።

ሕግ የሚያጠኑ ጓደኞች ካሉዎት አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 58 አስቦ ለተሠራ ወንጀል ዕውቀትንና ፈቃድን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ብሎ ያደረገንም ከዚያው ይመድባል፣ ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ያላወቀውን ደግሞ በአንቀጽ 59 ቸልተኛ ይለዋል። ተራ ሰውም ሲፈርድ እንዲሁ ጥፋትን ወደ ቃሉ ያስገባል፤ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆሹዋ ክኖብ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ላይ ለትርፉ ብቻ እያሰበ አካባቢን እንደሚጎዳ የተነገረውን ሥራ ያስጀመረ የኩባንያ ኃላፊ ሆን ብሎ ጎዳ ያሉት 82 በመቶ ሲሆኑ፣ በዚያው አኳኋን አካባቢን የጠቀመውን ሆን ብሎ አልጠቀመም ያሉት 77 በመቶ ነበሩ። ዕውቀቱም ቁጥጥሩም በሁለቱ ታሪኮች አንድ ነው። «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል የተጠያቂነት ጭነትም እንደሚሸከም አምናለሁ፤ እርስዎ የጠየቁኝ ግን ስለ ድርጊቱ እንጂ ስለ ፍርዱ ስላልሆነ እዚህ ላይ አልቆይም።

«ፈጣሪ ነው ያወረደኝ» ያሉትን ግን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ይህ ንግግር ለፍልስፍናው እንቅፋት ሳይሆን በጣም ትክክለኛ ምልከታ ይዟል። በዚያ ሌሊት ከወንድምዎ እጅ ውጭ የነበረ ብዙ ነገር አለ፦ ከፊት ያለ መብራት የቆመ መኪና አለመኖሩ፣ ከገደሉ ድንጋይ አለመናዱ፣ ጉሙ ከዚያ በላይ አለመወፈሩ። እሳቸው አመሰገኑ የምለው ለዚህ ክፍል ነው፤ «እኔ አይደለሁም» ማለታቸውም የራሳቸው ቁጥጥር የት ላይ እንደሚያበቃ ጠንቅቀው ማወቃቸውን ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁልኝ። ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ እስኪሸፍን ወፍሮ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? «ጥጌን ይዤ እቆም ነበር» ካሉ፣ ምንም ያህል ጥቂት ቢያዩ እስከ መጨረሻው ያወረዱት እሳቸው ናቸው። «መቆሙም ትዝ አይለኝም ነበር» ካሉ ግን፣ ያ ሌሊት ከፍራንክፈርት ሹፌር ይልቅ በበቅሎው ላይ ለተኛው ሰው ይቀርባልና፣ መልሱን ይጻፉልኝ፤ የዚህን ምላሽ ግማሹን እንደገና አስብበታለሁ።